የሻለቃው ኮት

ልብስ ሰፊው ጣሰው ሰውን በድምፁ ብቻ መለካት እችላለሁ ይል ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ደረት መቶ አስራ ሁለት፣ አንገት አርባ አራት፣ እጅጌ ስልሳ ስምንት» ሲል ነገሌ ቦረና ውስጥ የሚከራከረው አልነበረም። ማንስ ይከራከረዋል? የተለካው ሰውዬ ያለው ካሴት ውስጥ ነው። ወጥቶ ጠበበኝ አይል፣ ሰፋኝ አይል።

ነገሩ የጀመረው በሰማንያ ሦስት፣ ጦሩ የተበተነ ጊዜ ነው። ወታደሩ ሁሉ የሲቪል ሱሪ ፈላጊ ሆነና የጣሰው መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ስትንጓጓ ሰነበተች። አንዱ ወታደር ለስፌት የሚከፍለው ቢያጣ ቴፑን ከነካሴቱ ትቶለት፣ ቡናማ የተነከረች ሱሪውን አጥልቆ ወደ ሞያሌ አቀና። ካሴቱ ላይ ስም የሚባል ነገር አልተጻፈም። የቴፑ ማዞሪያ ላስቲክም ተበጥሷል። ጣሰው ምን ቸገረው፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ አስገባለትና ተጫነው።

ድምፁ መጣ። እንዲህ ቶሎ የሚመጣ ድምፅም አይደለም፤ እንደ ዱብሉቅ ጉድጓድ ውሃ፣ ከታች ሰው ለሰው እየተቀባበለው፣ ቀስ ብሎ ነው ብቅ የሚለው። ዘፈኑ ዝናብን ይለምናል። አንዷን ስንኝ ጀምሮ እስኪጨርስ ጣሰው አንድ ኪስ ሰፍቶ ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ ግን ካሴቱ ስንኙ መሃል ቁርጥ ይላል። በሦስተኛው ቀን «ይሄ ሰው ሻለቃ ነው» ብሎ ቆረጠ። ከየት አወቅህ ቢሉት፣ «ሻምበል እንዲህ አይረጋጋም» አለ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቴፕ ሌላ ካሴት ተጫውቶ አያውቅም። በሻለቃው ላይ ሌላ ዘፋኝ ማምጣት ለጣሰው ነውር ነው። ይባስ ብሎ ከሞያሌ ግራጫ ሱፍ አስመጣና፣ በጆሮው በለካው ልክ ኮት ሰፍቶለት በሩ ላይ ሰቀለው። ዋጋ የሚጠይቅ ሲመጣ «ባለቤት አለው» ይላል። የት ነው ያለው ሲባል «ይመጣል» ይላል። ወይ ጣሰው!

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሙግት አይጠፋም። የጂኦግራፊው መምህር ኢያሱ የጥላሁን ወገን ነው፤ ከጥላሁን ወዲህ የተዘፈነውን ሁሉ ጫጫታ ይለዋል፣ ሬጌ የተነሳ እንደሆነማ ደሙ ይፈላል። ወተት ሻጯ ጉያቱ ደግሞ «አካም፣ ናጋ?» ብላ ጀሪካኗን ካስቀመጠች በኋላ ከዓሊ ቢራ ፈቀቅ አትልም።

«ዓሊ ሲዘፍን ግመል ራሱ ቆሞ ይሰማል» ትላለች።

«ግመል ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል?» ይላል ኢያሱ።

«ከጂኦግራፊ ይሻላል።»

ጣሰው ሁለቱን እስኪደክማቸው ያዳምጥና፣ «ጨረሳችሁ?» ብሎ ሻለቃውን ይለቅባቸዋል።

ደስታነሽ በዘጠና ዓመተ ምህረት ከያቤሎ መጥታ ከመንገዱ ማዶ በርበሬና ጨው መሸጥ ጀመረች። ካሴቱን መጀመሪያ የሰማች ዕለት ጆንያዋን መሬት ላይ አውርዳ፣ ዘፈኑ እስኪቆረጥ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ «ሰውየውን ሆዱን ነው የሚያመው?» አለች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን መንገዱን ተሻግራ ሻለቃውን ስትሰድብ ኖረች።

«ትንፋሽ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

«ትንፋሽ? እሱ እኮ አንዴ ከተነፈሰ ያቤሎ ይደርሳል!»

«ግጥሙም የልጅ ነው።»

«የልጅ?» ይላል ጣሰው መቀሱን አስቀምጦ። «ስሚ፣ ይሄንን ዝናብ የለመነ ሰው ብቻውን ተጠምቶ ያውቃል። ሰው መሃል ሆኖ ተጠምቶ ያውቃል። አንቺ ምን ገብቶሽ!»

ይሄኔ ደስታነሽ ወደ በርበሬዋ ትመለሳለች። በማግስቱ ሌላ ስድብ ይዛ ከች ነው።

እንዲህ ሲሰዳደቡ ከርመው ጣሰው ወደዳት። አሥር ሰዓት አልፎ ካልመጣች መርፌው ጣቱን ይወጋዋል። በሃምሳ ዓመቱ፣ ላጤ ሆኖ መቅረቱን ከተማው ሁሉ ካመነ በኋላ፣ በዘጠና ሰባት ሽማግሌ ላከ። ኢያሱ ተላከ፤ ሁለተኛ ሽማግሌ ቢታጣ ጊዜ ጉያቱም ተጨመረች። ይዘው የመጡት መልስ ይሄ ነው፦ «ሻለቃው ከነካሴቱ፣ ከነኮቱ ይውጣ፣ እኔ እገባለሁ። ሁለት ወንድ ያለበት ቤት አልገባም።»

ሦስት ቀን ተሰጠው። በሦስቱ ቀን ጣሰው የሰው መልክ አልነበረውም፤ የአንዱን ፖሊስ ሱሪ አንድ እግሩን አሳጥሮ ሰፍቶ አስረከበ። ካሴቱን ሁለት ጊዜ ሊጥል ይዞት ወጣ፣ ሁለት ጊዜ በነጠላው ጠቅልሎ መለሰው። ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተሰየሙ። ደስታነሽም እጇን አጣምራ ቆመች።

«እወድሻለሁ» አለ ጣሰው በሰው ፊት፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ግን አልጥለውም። አንቺ ከተማ ሙሉ ሰው አለሽ። እሱ ከእኔ በቀር ማን አለው?»

ደስታነሽ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ኢያሱ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ከመበተናችን በፊት ተከሳሹም ይደመጥ» አለ። ጣሰው ቴፑን ሲጫነው አሥራ አራት ዓመት ያገለገለው የብስክሌት ጎማ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ኢያሱ ሮጦ ከሞያሌ ያስመጣውን አዲስ ቴፕ ከቤቱ አመጣ። ካሴቱ ገባ።

የመጣው ድምፅ የሻለቃ አልነበረም። የሴት ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ቀጠን ያለ፣ ደስ የሚል፣ ዝናቡን እየቀለደች የምትጠራ።

«አቁመው!» ብሎ ጮኸ ጣሰው። «ቴፕህ ሻለቃውን እያስሮጠብኝ ነው!»

ኢያሱ ተናደደ። ካሴቱን አወጣና ጥላሁንን ከተተበት። ጥላሁን ራሱ ጥላሁን ሆኖ ዘፈነ። እንግዲህ ምን ይባላል፣ ለአሥራ አራት ዓመት ያጠፋው ያ የብስክሌት ጎማ ነበር፤ ካሴቱን እየጎተተ፣ ድምፁን እያወፈረ፣ ልጅቷን ሻለቃ አድርጎ ኖሯል።

«ያ ዋቃ!» አለች ጉያቱ ደረቷን ይዛ። «ዱኤ? ሻለቃው ሞተ?»

«አልተወለደም» አለ ኢያሱ።

«ታዲያ ድንኳን ይጣላል ወይስ አይጣልም?»

ጣሰው በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሐዘኑ የእውነት ነበር። ቀብር የሌለው ሰው ሞቶበት፣ ማን መጥቶ እግዜር ያጥናህ ይበለው? ኢያሱ ጥላሁንን አውጥቶ የልጅቷን ካሴት መለሰ። ደስታነሽ ከሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቀብላ ማንጎራጎር ጀመረች። ዛሬስ እንኳ ብትተወው ምን ነበረበት ብለው ሁለቱም ሽማግሌዎች ገላመጧት። ካሴቱ ግን እንደ ልማዱ ስንኙ መሃል ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቆረጥበት ቦታ ተቆረጠ። ደስታነሽ አልተቆረጠችም። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን የቀረውን ግማሽ እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።

«ሰማንያ ሁለት» አለች። «እዚሁ ካምፑ ውስጥ፣ የክፍለ ጦሩ ኪነት ውስጥ እያለሁ። አንዱ ቀድቶኝ ነበር።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ታዲያ ለምን ሰደብሽው?» አለ ጣሰው።

«ስትሟገትልኝ ልስማ ብዬ ነዋ! ካምፑ ከተበተነ ወዲህ ስለ ድምፄ ደግ የተናገረ ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ ጋሽ ጣሰው። ካልሰደብኩት ደግሞ አፍህን አትከፍትም።»

«ጣለው ያልሽኝስ?»

«ጥለኸው ቢሆን ዞር ብዬም አላይህም ነበር። ለእኔ ብሎ እኔን የሚጥል ባል ምን ያደርግልኛል?»

ጉያቱ እልል ልትል ብላ ኢያሱን አየችው። ኢያሱ «ለእኔ ብሎ እኔን» የሚለውን ለመፍታት ከራሱ ጋር እየደጋገመ ነበር።

ጣሰው ተነስቶ ኮቱን ከበሩ ላይ አወረደው። አቧራውን አራግፎ ደስታነሽ ትከሻ ላይ አደረገላት። ጉልበቷ ድረስ ወረደ፤ እጅጌው እጆቿን ዋጣቸው። «ደረት መቶ አስራ ሁለት!» ብላ ጉያቱ በሳቅ ፈረሰች። ደስታነሽም ኮቱ ውስጥ ሆና ሳቀች፣ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ መጣ።

ጣሰው አልሳቀም። መርፌዎቹን ከንፈሩ ላይ ያዘና ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

«ክንድሽን ዘርጊ» አላት።

ለካ። ቁጥሩን አነበበው፣ ረሳው፣ እንደገና ለካ።