ለአንተማ ምን ዋጋ አለው

ባለፈው ሳምንት ደጎሎ ላይ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች በስልክ ዕቃ ስለመሸጥ እንዳወራ ተጋብዤ ነበር። ፎቶውን በጠዋት ብርሃን አንሱ፣ የሌላችሁን ዕቃ አትለጥፉ፣ ጉድለት ካለው ሳትደብቁ ተናገሩ እያልኩ ስመክር፣ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "ሰው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ ምን እንበለው?" አለችኝ። "ዋጋውን" አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሳቅሁ ለእነሱ ማስረዳቱ ረጅም ስለሆነብኝ ወደ ሌላው ርእስ አለፍኩ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ፣ መካነ ሰላም እናቴ ቤት የተመለስኩበት ዘመን ነው። አጥር የምንጋራቸው ጋሼ ሙሔ የባና ሸማኔ ነበሩ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ገላን ይኮሰኩሳል፣ የሐምሌ ብርድ ግን አያልፈውም። ጠጉሩን የሚፈትሉት ባለቤታቸው እትዬ ዘሪቱ ናቸው። እኔ ልጅ እያለሁ ሰዎች ከከላላ ድረስ በበቅሎ እየመጡ ባናቸውን ይገዙ ነበር። በኋላ የነብር ሥዕል ያለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ሞላውና የሚጠይቃቸው ጠፋ።

ደሴ የሚኖረው ልጃቸው አህመድ "ይብቃዎት አባ፣ እኔ ጋ ይምጡ" እያለ ይወተውታቸዋል። በመጨረሻ አንድ ባና ሠርተው እንዲሞክሩ ተስማሙ፤ ካልተሸጠ የሽመና ዕቃቸውን ነቅለው ደሴ ሊገቡ። እትዬ ዘሪቱ ደሴን አይወዱም። "በር ዘግተው የሚበሉበት አገር" ይሏታል። እኔም ያለ እነሱ ያ አጥር ምን እንደሚመስል ማሰብ አልፈለግሁም፤ ስለዚህ "ለእኔ ስጡኝ፣ በስልክ ልሽጠው" አልኩ።

ክረምቱን ሙሉ ተፈትሎ ተሸመነ። ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አጥሩ ላይ አስጥቼ ፎቶ አነሳሁትና ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ የልብ ምልክት ብቻ እየተጫነ ያልፋል። እትዬ ዘሪቱ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ "ልብ ላኩ" ስላቸው "ልባቸውን ይያዙና ዋጋ ይጠይቁ እንጂ" ይላሉ።

አንድ ቀን እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ ቀሪቦ፣ ያችን የማታሰክረዋን የገብስ መጠጥ፣ ስጠጣ ጥያቄው መጣ። ቢኒ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። "ስንት ነው?" ይላል። በደስታ ስልኩን ለጋሼ ሙሔ አቀበልኳቸውና የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጭኜ "ራስዎ ይመልሱለት" አልኳቸው። ጆሮው ለሚከብድ ሰው እንደሚያወሩ አፋቸውን አስጠግተው እንዲህ አሉ፦

"አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ለአንተማ ምን ዋጋ አለው፣ ውሰደው። አላህ ሙቀት ያልብስህ።"

እኔም አንድም ነገር አልከነከነኝም፤ ላክሁት። በእኛ አገር ዋጋ በመጀመሪያ አይጠራም። ሻጭ ውሰደው ይላል፣ ገዢ በጭራሽ ይላል፣ ሻጭ በወላሂ ይምላል፣ ገዢ ይቆጣል፤ ከዚያ ወዲያ ነው ዋጋ እያፈረ ብቅ የሚለው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ "በጣም አመሰግናለሁ። ለአባቴ እሰጠዋለሁ።" ከሥሩ አድራሻ።

"እሺ፣ ቀጥሎስ ምን ይላል?" አሉ ጋሼ ሙሔ።

"ይኸው ነው።"

ሦስታችንም ስልኩን አየነው።

"ጨዋታ ነው ብዬ ልጻፍለት" አልኩ።

"ተይ የሺ። ውሰደው ብዬ፣ መርቄ፣ መልሼ ዋጋ ልጥራ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።"

"ደሴ ሊሄዱ ነዋ?"

እትዬ ዘሪቱ ይቃወማሉ ብዬ ዞር ስል ባናውን እያጣጠፉ ነው። "የፈተልኩት እኔ ነኝ። ጠቅልዪና ላኪው፤ ደሴም የአላህ መሬት ነው" አሉኝ። ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር፤ ፊታቸውንም ወደ ጓሮው በር አዞሩት። ጥቅሉን ታቅፌ እስከ መናኸሪያ ድረስ በመንገድ አለቀስኩ፤ ያገኘኝ ሁሉ ሰው የሞተብኝ መስሎት "አብሽሪ" እያለ ያልፋል።

ባናው በደረሰ ማግስት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የቢኒ እናት ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት በእኛው አገር፣ ወረኢሉ ነው። ልጃቸው በነፃ ያገኘሁት ብሎ ድምፁን ሲያሰማቸው ክው ብለው ቀሩ። "እንዲህ የተባለ ሰው እሺ ይላል? አዲስ አበባ አሳድጌው እኮ ነው፤ ሰውዬውን አቅርቢልኝ" አሉኝ። ሮጬ አጥሩን ዞርኩ።

ከዚያማ ነገሩ እንደ ወጉ ከመጀመሪያው ተጀመረ። እሳቸው ገንዘብ ካልላክሁ ይላሉ፣ ጋሼ ሙሔ ወላሂ አይሆንም ይላሉ፣ እሳቸው ይቆጣሉ፣ ጋሼ ሙሔ ይመርቃሉ። እትዬ ዘሪቱ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ጋሼ ሙሔ ንቅንቅ አላሉም፤ "የተመረቀበት ዕቃ አይሸጥም።"

"እንግዲያው ለእኔ ሌላ ይሥሩልኝ" አሉ ሴትዮዋ፤ "ለዚህኛው ምርቃቱ ይቆይና ዋጋው ይቅደም።"

ጋሼ ሙሔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከእኛም ፊታቸውን መለስ አድርገው ዋጋውን በቀስታ ተናገሩ።

አህመድ በደወለ ጊዜ "ድር ወጥሬያለሁ፣ እሱን ስጨርስ እመጣለሁ" አሉት። ያኛው ሳያልቅ የሴትዮዋ እህት አዘዘች፣ ከዚያ የእህቷ ጎረቤት። አህመድ በየጊዜው ይደውላል፤ ጋሼ ሙሔ በየጊዜው ድር ወጥረዋል። እኔም የዛሬውን ሥራዬን የጀመርኩት በእሳቸው ባናዎች ነው። እንዲህ እያሉ ብዙ ዓመት ሸመኑ፤ ካቻምና ክረምት ሲያርፉም ዕቃው ላይ ግማሽ የደረሰ ባና ነበር።

እትዬ ዘሪቱ ድሩን ማንም እንዲቆርጠው አልፈቀዱም። ለአረፋ በዓል አህመድ ከደሴ ሲመጣ፣ ያ ንቀሉት ሲል የኖረ ልጅ፣ ጫማውን ያወልቅና አባቱ እግራቸውን ሰድደው ይሸምኑበት የነበረው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። መወርወሪያው ሁለት ጊዜ ይወድቅበታል፣ ጥቂት ጣት ያህል ይሸምናል። ጠርዙ ጠማማ ነው። እትዬ ዘሪቱ አጠገቡ እየፈተሉ "አባትህም ሲጀምሩ እንዲህ ነበሩ" ይሉታል፤ ጋሼ ሙሔ ሽመና ሲጀምሩ እሳቸው ገና አያውቋቸውም ነበር። እኔ በአጥሩ በኩል ቆሜ አያለሁ፤ ጋሼ ሙሔም በጣም ይናፍቁኛል። ባናው በዚህ አያያዙ መቼ እንደሚያልቅ እንጃ። ሦስታችንም የቸኮልን አይመስለኝም።