መርዶው ከሩጫው በኋላ

እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣ የእኛ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥሎ የሚሰማው ሱቄ ነው። ስንዴና ሽምብራ በብዛት ጠይቆ ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ሲመጣ፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ሠርግ ያለበት ሰው እንዲህ አይገዛም። ሠርግ ያለበት ይቆጣል፣ «ዘመድ ነህ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» ይላል፣ ምርቃት ያስጨምራል። እኔም ለሐዘንተኛ ሳይጠይቀኝ እቀንሳለሁ። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ። በሐዘኑ ቀን የዘረፈውን ነጋዴ የሚረሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የእህቴ ባል የሞተ ጠዋት ግን ሱቁ ገና አልተከፈተም ነበር። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ ፋብሪካ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ፌርማታው ላይ ወደቀ። የደወለልኝ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ዕብራይስጡን ቀስ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያወራ ይነግረኝ ጀመር። «ገብቶኛል» አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም፣ ደገመልኝ።

እህቴ ሁለት ልጆች አሏት። ትልቁ ያኔ ወታደር ነበር። ታናሽ እህቱ ሯጭ ናት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። አባቷ የሞተ ጠዋት እቤት አልነበረችም፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ቴል አቪቭ አጠገብ ያለ ማሰልጠኛ ገብታለች። በማግስቱ ማጣሪያ ነበረባት፣ ውጭ አገር ለሚደረገው የወጣቶች ሻምፒዮና የሚሄዱት የሚመረጡበት ሩጫ። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም። አስቀድሞ የተቆረጠ ሰዓት አለ፣ አገር ቤት ሚኒማ የሚሉት። ከዚያ ዘግይቶ የገባ፣ አንደኛ ቢወጣም ቤቱ ይቀራል። እዚህ ስሙ ክሪቴሪዮን ነው።

ይህ ቃል እህቴ ቤት ብዙ ጣጣ አምጥቷል። ልጅቱ ከልምምድ ስትመለስ «ክሪቴሪዮን አላሳለፈኝም»፣ «ክሪቴሪዮን ላይ ልደርስ ትንሽ ቀረኝ» ስትል አባቷ ሰው መስሎት ኖሯል። ቢሮ ያለው፣ ከረባት ያሰረ ባለሥልጣን። አንድ ቀን ሱቄ መጣና ገዢዎቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄን ክሪቴሪዮን የሚሉትን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«ምን አደረገህ?»

«ልጄን አላሳልፍ አለ እንጂ! ጥሩ ማር አለህ? ይዤ ሄጄ ላነጋግረው።»

«ማር አይበላም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ይበላል?»

«ልጆች።»

ነገሩን ሳስረዳው ከእኔ ይልቅ የሳቀው እሱ ነው። ግን «ሰውዬው» ማለቱን አልተወም። ልጅቱ ማታ ስትገባ «ዛሬስ ሰውዬው እንዴት ዋለ?» ይላታል። እሷም «ተጠጋሁት፣ አባ» ትለዋለች። በቤቱ ውስጥ ሌላ ይህን ያህል የሚያወሩበት ነገር አልነበራቸውም፤ የእሷ አማርኛ ጎዶሎ ነው፣ የእሱ ዕብራይስጥ ከፋብሪካው በር አይወጣም።

ከእኛ ሰው ሜዳ ድረስ የሚሄድላትም እሱ ብቻ ነበር። ከፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በአውቶቡስ ይሄዳል። አጥሩን ተደግፎ ይቆማል። አይጮኽም፣ አያጨበጭብም። በየዙሩ በፊቱ ስታልፍ አንድ ጊዜ ራሱን ይነቀንቅላታል፣ ይኸው ነው። ለማጣሪያውም እንደሚመጣ ነግሯት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቶሎ ተሰበሰቡ። መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ባለመርዶውን ያስቀምጡታል፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ሽማግሌ አፉን የሚከፍተው። ቀብሩ ደግሞ እዚያው ቀን ነው፣ ሬሳ አይቆይም።

«ሄጄ ላምጣት» አለ ወታደሩ። የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። «አባቷ ነው። መቅበር መብቷ ነው።»

«ልጄ፣» አሉ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ፣ «መብት እዚህ መጥተን የሰማነው ነገር ነው። በመኪና ውስጥ ምን ልትላት ነው? ዝም ብትል ታውቃለች፣ ብትናገር መንገድ ላይ ትጥላታለህ። ነገ ሩጫዋን ትሩጥ። ስትጨርስ ዘመድ ከብቧት፣ በወጉ ይነገራታል።»

«ይቅር አትለንም።»

ይህን ያለው በዕብራይስጥ ነው። ሽማግሌው አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሁሉም ወደ እህቴ ዞረ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የባሏን ጫማ ይዛ ነበር፤ ከሆስፒታል በላስቲክ ከሰጡን ዕቃ ያወጣችው ነው። «ትሩጥ» አለች። «ያ ሁሉ ሌሊት የቆመው ለእሷ ነው። ሰውዬውን ሳታልፈው ብትመለስ ለኔ ሁለቴ ሞተ።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሚኒባሱ የኔ ስለሆነ ብቻ፣ ነገ ስንት ሰው እንደሚይዝ ተጠየቅሁ።

ከቀብር ተመልሰን እግራችንን ሳናሳርፍ ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ ናት፣ ከአባቷ ጋር ልታወራ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ አንዱ የአንዱን አፍ ያዘ። ወታደሩ ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ሲወጣ ፊቱ እንደ ኖራ ሆኗል።

«ምን አልካት?» አለችው እናቱ።

«ተኝቷል አልኳት።»

ከዚያ ለአሰልጣኟ ደውሎ እውነቱን ነገራት፣ ስልኩንም እስከ ሩጫው እንድትቀበላት ለመናት።

በማግስቱ እህቴና ወታደሩ ከሐዘን ቤት ስለማይወጡ፣ የምንሄደው እኔ፣ ሽማግሌዎቹና የሟቹ ዘመዶች ሆንን። የሽማግሌዎቹ ትእዛዝ ከባድ ነበር። ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስ የለም፣ ጥቁር የለም፣ ማልቀስ የለም። ይህ ሁሉ ተነግሮ ሲያበቃ ግን ሌላ ችግር መጣ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አድረው ዓይናቸው ሳምቡሳ አክሏል። እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ስታዲየም መግባት መርዶውን በግንባር ላይ ጽፎ መሄድ ነው። ሱቄ በር ላይ ለሠራተኞችና ለወታደሮች የምሸጠው የፀሐይ መነጽር ነበር። አወረድኩትና በሚኒባሱ ውስጥ አደልኩ።

የሟቹ አክስት አደረጉት፣ አወለቁት፣ እንደገና አደረጉት።

«ይሄማ ጨለማ ነው። ልጅቱን በምን እለያታለሁ?»

«እትዬ፣ ምን ያስቸግራል? ከሚሮጡት ጥቁሯ እሷ ናት» አላቸው አንዱ።

«በዚህ ሁሉም ጥቁር ናቸው!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ወዲያው አፈሩና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

አሰልጣኟ ቴል አቪቭ፣ የስታዲየሙ በር ላይ አገኘችን። ከሩሲያ የመጣች፣ ጸጉሯን ያሳጠረች ሴት ናት፤ ዕብራይስጧ ከእኔ አይሻልም፣ ስለዚህ በደንብ እንግባባለን። መነጽር ያደረጉትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየች።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

«ዘመድ ነው።»

«እስከዛሬ የት ነበረ ዘመዱ?»

አፌን ሳልከፍት ወደ ላይኛው ወንበር ጠቆመች። «ከላይ፣ ከኋላ ተቀመጡ» አለች። «ልጅቱ ልታያችሁ አይገባም።»

ለሽማግሌዎቹ ተረጎምኩ። «እኛ ኋላ?» አሉ ታላቁ፣ ዱላቸውን እያነሱ። ሽማግሌ ከሰው ኋላ አይቀመጥም፤ ደግሞም ያንን ደረጃ የሚወጣበት ጉልበት ከመካከላቸው የነበረው የለም። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ ተደርድረው ተቀመጡ። ሌሎቹ ወላጆች ቁምጣና ኮፍያ አድርገዋል፤ የእኛዎቹ ኮትና ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር ሰክተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

ሩጫው ተጀመረ። የልጅቱ አሯሯጥ ያማረ ነበር፣ አሰልጣኟ የያዘችውን ሰዓት እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ከልጆቹ ተነጥላ ወጣች። በእኛ በኩል ስትመጣ ዓይኗን ወደ አጥሩ ላከች፣ አባቷ ወደሚቆምበት ዓይነት ቦታ። ባዶ ነበር። በዚያው ሰዓት ሽማግሌዎቹ፣ ማጨብጨብ እንዳለባቸው ስለተነገራቸው፣ ሌላ ማንም ሳያጨበጭብ አንድ ላይ አጨበጨቡ። ዞር ብላ አየችን።

በሚቀጥለው ዙር ቀድማ ነው የዞረችው። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየሄደች አየችን፤ ሰው ዕቃ ሲጠፋበት መደርደሪያውን እንደሚያየው። አሰልጣኟ «ወደ ፊት! ወደ ፊት እይ!» እያለች አጥሩን ትደበድባለች። ቀጥሎ ስትመጣ አክስትየዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ወደ እኛ አላየችም። እግሯ ይሄዳል፣ ትከሻዋ ግን ወረደ።

አንደኛ ወጣች። ከመሙ ዳር ያለውን ሰዓት አየሁት፣ አሰልጣኟን አየኋት። የያዘችውን ሰዓት ኪሷ ከተተችው። አላለፈችም።

ሌሎቹ ልጆች መስመሩን አልፈው መሬት ላይ ተዘረሩ። የእኛዋ አልቆመችም። መታጠፊያውን ዞረች። ሌላ ዙር የቀራት መስሏት ነው ብለው ዳኞቹ ጮኹላት፤ አንዱ ባንዲራ ይዞ መሀል ገባ፣ በጎኑ አለፈችው። ቀጣዮቹ ተወዳዳሪዎች ጫማቸውን አስረው ይጠብቃሉ። አሁንም ትዞራለች።

«ያዟትና አስቀምጧት» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

«ማን ይይዛታል፣ አባ?» አልኩ።

ደክሟት ሳይሆን በቃኝ ብላ፣ በራሷ ጊዜ መጣች። አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«ነይ ልጄ፣ እስቲ አረፍ በይ» አሉ ሽማግሌው፣ ወንበሩን እየጠቆሙ።

«መቼ ቀበራችሁት?»

ሁልጊዜ በአማርኛ ስናወራት በዕብራይስጥ ነበር የምትመልስልን። ያን ጊዜ በአማርኛ ነው የጠየቀችው። ሽማግሌው ያሰናዱት ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ቀረ። እኔን አየችኝ።

«ትናንት» አልኩ።

«ስደውል?»

«ከዚያ በፊት።»

አክስትየዋ ከዚህ በላይ አልቻሉም፣ እሪ አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሉ፤ ደረት መምታት ሆነ፣ አጥሩ ላይ መውደቅ ሆነ። ከኋላችን ያሉት ወላጆች፣ ልጃችን ስላሸነፈች የምናለቅስ መስሏቸው፣ ተነሥተው አጨበጨቡልን። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለኝ። አመሰገንኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሐዘኑ ሳያልቅ አሰልጣኟ በአውቶቡስ አፉላ ድረስ መጣች። ከልጅቱ ጎን ፍራሽ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ ንፍሮ ሰጧት፣ ዘግና ያዘች። ከዚያ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔም ለቤቱ ተረጎምኩ። ስም ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ትንሽ ውድድር አለ። እዚያ ሰዓቱን ካሟላች ይቀበሏታል። ችግሩ ቀኑ ሐዘንተኛ ከቤት ከማይወጣባቸው ሰባት ቀኖች ውስጥ መዋሉ ነው።

ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትሂድ እንግዲህ። ሐዘን የትም አይሄድባትም፣ ስትመለስ ታገኘዋለች።»

«ትሂድ» አለች እህቴም። «ልጄ፣ ለአባትሽ ብለሽ።»

ወታደሩ አፉን ሊከፍት ሲል ልጅቱ እጁን ያዘችው። ለአሰልጣኟ በዕብራይስጥ አጭር ነገር አለቻት። ከዚያ ለእኛ፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል፣ በአማርኛ ደገመችው።

«አባቴን ሳልቀብር አስሮጣችሁኝ። አሁን ቁጭ ልበል።»

እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ዱላቸውን ወለሉ ላይ አዞሩት፣ አዞሩት።

አሰልጣኟን እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ሸኘኋት። ንፍሮው አሁንም በመዳፏ ነበር፣ እንደሚበላ ያስረዳት ሰው የለም። በዚያ ርቀት ከልጅቱ በቀር ሰዓቱን የሚጠጋ ልጅ በአገሩ እንደሌለ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ በዚያ ዓመት በዚያ ርቀት ወደ ሻምፒዮናው ማንም አልተላከም።