ሃፊዛ «ሁሉም» ያለች ቀን

ሃፊዛ የሰርግ ፎቶ አንሺ ናት፤ ያውም የሴቶቹ ክፍል። ኮልፌ ውስጥ ወንድ ፎቶ አንሺ ሞልቷል፣ ሙሽራዋ ፀጉሯን ፈትታ ከእህቶቿ ጋር የምትጨፍርበት ክፍል ግን ማንም አያስገባውም። እዚያ የምትገባው እሷ ናት። ስንት ዓመት እንደገባች ወገቧ ይመስክር።

ችግሩ ፎቶውን የሚያጥበው ሰው ወንድ መሆኑ ነው። ጦር ኃይሎች ፎቶ ቤት ያለው ገሜዳ ጨዋ ነው፤ ቢሆንም ወንድ ነው። ሃፊዛ ለዚህ መላ ያገኘችው ካሜራዋ ውስጥ ነው። በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች፣ የተሸፈኑትን ብቻ «ይታጠብ» ብላ ምልክት ታደርግባቸዋለች፤ ይቺ ሁለት ቅጂ፣ ያቺ አምስት። ትእዛዙ ከፎቶዎቹ ጋር የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ገሜዳ ካርዱን ሲሰካው ማሽኑ ትእዛዙን አንብቦ የተመረጡትን ብቻ ያወጣል፤ የቀሩትን እሱ ከፍቶ አያይም። እናቶች ሃፊዛን የሚጠሯት ለዚህ ነው። ይህ እምነት ከፈረሰ እንጀራዋም አብሮ ይሄዳል።

በዚያ ሳምንት ሰርግ ተደራረበባት። የመጨረሻው የሰልዋ ነበር። በማግስቱ ዓይኗ እየተጨፈነ ምልክቷን አደረገች፣ ካርዱን ለገሜዳ ሰጠች፣ ታክሲ ተሳፈረች። አስራ ስምንት ማዞሪያ ልትደርስ ስትል ድንገት ባነነች። ዛሬ እንዴት እንዲህ ቶሎ ጨረስኩ?

ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነበር። ጣቷ «ሁሉም» የሚለውን ነክቷል! ካሜራውን የሠራው ሰውዬ መቼም የሴቶች ክፍል ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፣ «ሁሉም»ን እንዲህ አጠገብ ያስቀመጠው። ደወለች፤ ማሽኑ ሲጮህ ገሜዳ ስልክ አይሰማም። «ወራጅ አለ!» ብላ ወርዳ፣ በሌላ ታክሲ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ የሰልዋ እናት ፊት ነበር የሚታያት።

ስትደርስ ማሽኑ ቆሟል። የወጡት ፎቶዎች ላይ የገሜዳ ጃኬት ተጥሎባቸዋል።

«የመጀመሪያዋ ስትወጣ ነው የነቃሁት» አላት። «ሻሽ የላትም። ያንቺ ሥራ እንዳልሆነ ገባኝና ጃኬቴን ጥዬ ማሽኑን አጠፋሁት። ሌላ አላየሁም፤ ወላሂ ልበልሽ?»

ሃፊዛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። የሙሽራዋ ገመና ተርፏል። ግን አንዷ ታይታለች።

«ማን ነበረች?»

«እኔ እንጃ። የሙሽራዋ አያት መሰሉኝ። ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው፣ ሻሻቸው ተንሸራቶ፣ ሽበት በሽበት። አሳዘኑኝ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ፎቶውን ከጃኬቱ ሥር ሳበችው። ሴትየዋ ጭን ላይ ያለው ባዶ የካሜራ ቦርሳ የራሷ ነው። ልጃገረዶቹ ሰልዋ ተኳኩላ እስክትወጣ ካሜራዋን ወስደው በተኛችበት ሲያነሷት፣ እሷ አልሰማችም። ገሜዳ ደግሞ የሚያውቃት እስከ አገጯ ተሸፋፍና፣ ስትጣደፍ ነው።

ፎቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ካርዱን ወደ ካሜራው መልሳ፣ ምልክቱን ሁሉ አጥፍታ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ፎቶ መምረጥ ጀመረች።

«ታውቂያቸዋለሽ?» አለ ገሜዳ።

«አዎ።»

«እባክሽ ትንሽ ይረፉ በያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ሃፊዛ፣ ከካሜራው ቀና ሳትል።