ቅቤ የተቀባው ሌንስ

ሆሳዕና ውስጥ የምሠራበትን ፎቶ ቤት ሰው የሚያውቀው በባለቤቱና በሌንሱ ነበር። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ ብዬ ልቀጥል። ሌንሱ ጥቁርና ከባድ ነው፤ አፉ ዙሪያ የታወቀ ኩባንያ ስም በነጭ ተጽፎበታል። ጋሼ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡት ስሙ ወደ ደንበኛው እንዲዞር ያደርጉታል። ለሠርግ ፎቶ ሊዋዋሉ ከሌሞ ገጠር በጋሪ፣ ከጃጁራ በሚኒባስ የሚመጡ ሰዎች ወንበር ላይ ሳይቀመጡ፣ «ያ ሌንስ ይመጣል አይደል?» ይላሉ። ማን እንደሚያነሳ የሚጠይቅ የለም። ጋሼ ናቸው የሚያነሱት፤ ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ከተማው የማያውቀው ጋሼ ፎቶ ማንሳት ካቆሙ ዓመታት ማለፋቸውን ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። አንዱን አሠርተውት ያሰቡትን ያህል አልተመለሰላቸውም፤ ሌላውን ለማሠራት ፈሩ። መንገድ ላይ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ሰላምታቸው ረጅም ስለሆነ ማንም አይነቃባቸውም። ሠርግ ቤት ስንሄድ አሮጌ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከጎኔ ይቆማሉ። «ቀና በሉ እንጂ» ይላሉ፣ ቀና ብሎ ለቆመ ሰው። «ሙሽራዬ ሳቅ በይ» ይላሉ፣ ስትስቅ ለዋለች ሙሽራ። የማነሳው እኔ ነኝ። ሰው የሚያየው ግን አንድ የታወቀ ፎቶ አንሺና ዕቃ የምትይዝለትን ልጅ ነው። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ በየገጹ ጥግ ላይ የፎቶ ቤቱ ስም፣ ማለትም የጋሼ ስም አለበት።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ አይከፋኝም ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከከምባታ፣ ከአንጋጫ መጥቼ አማርኛዬ ገና ሲንተባተብ «ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ» እያሉ ያስለመዱኝም እሳቸው ናቸው። የሚከፋኝ ሰው ፊቴ ላይ ፎቶዬን እያየ ሲያደንቃቸው ነው። ያኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ጽዳት የማያስፈልገው ነገር አጸዳለሁ።

በኋላ ግን ነገሩ የመከፋት ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ዱራሜ ውስጥ፣ ከዘመዶቼ ቤት ፊት ለፊት፣ ለፎቶ ቤት የሚሆን ክፍል ተገኘልኝ። ያለ ስም ፎቶ ቤት መክፈት ደግሞ በር ከፍቶ መንገደኛ መቁጠር ነው። ለጋሼ እንደዚያ አልኳቸው። ሰሙኝና ራሳቸው መላ አመጡ። በዚያ ሰሞን አንድ የዱራሜ ቤተሰብ ሴት ልጁን ሊድር ተዋውሎን ነበር፤ አባትየው ብዙ ሰው ያስተማሩ፣ አገሩ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው።

«እዚያው በሽማግሌዎቹ ፊት በአፌ እናገራለሁ» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ያያችሁትን ሁሉ ያነሳችው እሷ ናት እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ አንቺን ይፈልግ።»

ደስ አለኝ። ቀሚስ አሰፋሁ።

የሠርጉ ዕለት ጋሼን ከበር ጀምረው በክብር ወሰዷቸውና ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎች መሀል አስቀመጧቸው። የዕቃ ቦርሳችንም አብሯቸው ተቀመጠ። ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን እጥልባቸዋለሁ። አንዴ ጠጋ ስል፣ «ሥራው ይለቅና እነግራቸዋለሁ፤ አሁን ብናገር አንቺን ነው የሚያዩት እንጂ ሙሽራዋን አያዩም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በእኛ በከምባታ ሙሽራ ስትወጣ አናቷ ላይ ቅቤ ታደርጋለች። ዛሬ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የሚያጅቧት ሙሽራ እንኳ፣ ፀጉሯን ሳሎን ተሠርታ ብትመጣም፣ ትንሽ ቅቤ በጣት ሳይነካት አትወጣም። የቀቧት አክስቷ ናቸው። ደስታቸው ከልክ አለፈና እጃቸው ላይ የቀረውን ቅቤ ለቆመው ሁሉ ማደል ጀመሩ። ሚዜዎቹን ቀቡ። እኔንም ግንባሬ ላይ ቀብተው መረቁኝ። ቀጥለው ካሜራውን አዩትና በከምባትኛ፣ «ይሄስ? ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ እህል ያቀመሰው የለም» አሉ። ካሜራውን ወደ ኋላ ሳልስበው ሌንሱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ሴቶቹ እልል አሉ። አክስትየው ሌንሱን በከምባትኛ መረቁት፤ ቃሉን ሰምቻለሁ፣ ከእኔ ምርቃት ይረዝም ነበር።

በዚሁ ቅጽበት አባትየውን ሁለት ልጆቻቸው ደግፈው ከጓዳ አወጧቸው። ከታመሙ ቆይተዋል። ቤተሰቡ ከቀኑ ሁሉ አብልጦ የፈለገው ይህንን ነበር፣ አባት በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን ሲመርቁ። መጥረጊያው ጨርቅና ትርፍ ሌንሱ ከጋሼ ጋር ድንኳን ውስጥ ነው ያለው፤ አባትየው ደግሞ ቆመው የሚጠብቁበት አቅም የላቸውም። በነጠላዬ ጫፍ ሌንሱን ጠረግሁትና አነሳሁ። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር በካሜራው ስክሪን ሳየው ደህና መሰለኝ።

ምሽቱ ላይም ጋሼ ቃል የገቡልኝን ሊናገሩ አልቻሉም። አባትየው ደክሟቸው ተኙ፤ ቤቱ ዝም አለ፤ ሽማግሌዎቹ ተበተኑ። ጋሼ ደግሞ ሲበሉ ስለዋሉ በመኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አልቀሰቀስኳቸውም።

ሆሳዕና ገብቼ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ከፈትኳቸው። እስከ ቅቤው ያለው ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሁሉ በእንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስላል። የአባትየው ነጭ ጋቢ በርቶ ፊታቸው ላይ ፈስሷል፤ የልጅቷ ጉንጭና የእሳቸው እጅ የት ጋ እንደሚለያዩ አይታወቅም። በነጠላዬ ጠረግሁት ያልኩት ቅቤ ተለቅልቆ መስታወቱን በስሱ አዳርሶታል። ላስተካክለው ሞከርኩ፤ የቻልኩትን ያህል ሞከርኩ። ያልታየ ነገር በኮምፒውተር አይመጣም።

ቅቤው ምስሉን የሚያጠራው የሌንሱ ፎከስ ማዞሪያ ውስጥም ስለገባ እንደ በረዶ ረግቶ አላላውስ አለው። ሌንሱን የሞባይል ጥገና ለሚሠራ ጎረቤታችን ወሰድኩት። ይህ ሰው ሥራው ጥሩ ነው፤ ወሬው ግን ከሥራው ይበልጣል። ጎማውን ላጠው፣ ብሎኖቹን ፈትቶ ደረደራቸው፣ ከዚያም በአምፖሉ ብርሃን ሥር አገላብጦ ሲያይ ሳቅ አለ።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ የእነሱ አይደለም።»

ከላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ሌላ፣ ውስጥ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የተመታው ምልክት ሌላ። የሠራው ሌላ ኩባንያ ነው፤ በሌላ አገር። መጀመሪያ የመሰለኝ ጋሼ ተታልለው ተመሳስሎ የተሠራ መግዛታቸው ነው። ሰውየው ግን ስልኩን አውጥቶ ሲያስረዳኝ አመሸ። በኋላ ራሴም እያነበብኩ አረጋገጥኩ። ሌንሱ ትክክለኛው ነው። ትክክለኛው ነው እንግዲህ እንዲህ የሚሠራው። መስታወቱን የሚያቀልጡ ድርጅቶች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ስማቸውን ፎቶ አንሺ እንኳ አያውቀውም። የመስታወቶቹን አቀማመጥ የሚነድፈው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ንድፉን በስሙ ያስመዘግባል፣ ያ መዝገብ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። አንዳንዴ ያው ንድፍ ልብሱን ቀይሮ በሁለት በሦስት ስም ይሸጣል። ባለ ስሙ ኩባንያ «እንዲህ ያለ ይሁንልኝ» ብሎ ያዛል፣ ተሠርቶ ሲመጣ ይፈትሻል፣ ያልወደደውን ይመልሳል፣ በመጨረሻ ስሙን ያስጽፋል። ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ከመስታወቱ እስከ ብሎኑ ራሱ የሚሠራም አለ። ግን የትኛው የማን እንደሆነ ከላይ አይቶ የሚያውቅ የለም። ምስጢርም አይደለም። የሚጠይቅ ስለሌለ ብቻ ነው።

ጠጋኙ፣ «ከጃጁራ የተጫነ ቅቤ አዲስ አበባ ሲደርስ የሌላ አገር ቅቤ ይሆን የለ፣ ያው ነው» አለኝ። ይህን ሲል ቅቤ በነካው ጨርቅ እጁን እየጠረገ ነበር።

ለጋሼ ስነግራቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። እንዲያፍሩ። ነገሩን ወደ ራሳቸው እንዲያዞሩት። እሳቸው ግን ሌንሱን ተቀብለው በጣታቸው ስሙን ዳሰሱት፤ ፊደሉ ስለተቀረጸ በጣት ይነበባል።

«እስከ ዛሬ ያነሳው ፎቶ መጥፎ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ቢሰበርብሽ፣ ቢበላሽብሽ ማንን ነው የምትከሺው?»

«ስሙ ያለበትን።»

«ቀለበት ውስጥ የተደበቀውን አትከሺም። እሱ ሠርቶ እንቅልፉን ይተኛል። ስም ያስጻፈ ሰው ነው ለወቀሳውም የሚቆመው።»

ተናደድኩ። ለራስ የሚመች ክርክር ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። ዱራሜ ላይ ስላልተናገሩት ነገር አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

አልበሙ ደርሶ ከተላከ በኋላ የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጣ፤ ሁለቱም ሠርጉ ላይ አልደረሱም ነበር። አባትየው ከሠርጉ በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። ወንድምየው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። አልበሙን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ የበሩን ፎቶ ገለጠና፣ «ይህን ማን ነው ያነሳው?» አለ።

ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ብዬ የተመኘሁት ጥያቄ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ፣ ከተቀመጡበት።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩ እኔም፤ ወዲያው ነው ያልኩት። «ጋሼ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ሌንሱ ቅቤ ነክቶት በነጠላ ጠርጌው ነው።»

ወንድምየው ወደኔ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ለስለስ አለ፤ የሚያስጠላኝም ያ ነው። «እሰይ የኔ እህት» አለኝ፣ «ላሳደገሽ ሰው እንዲህ መቆምሽ ጥሩ ነው።» ሽማግሌውም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ደግሜ ተናገርኩ፤ በከምባትኛም ተናገርኩ። በደገምኩት ቁጥር የበለጠ ታማኝ ሆኜ ታየኋቸው።

ጋሼ ተነስተው፣ ባንኮኒውን በእጃቸው እየዳሰሱ መጡና አልበሙ ላይ ጎንበስ አሉ። ምንም እንዳላዩ አውቃለሁ፤ ገጹንም አልፈው ነጩን የአልበሙን ሽፋን ነው ያዩት። «ዓይኔ ነው» አሉ። «ሞራ አለብኝ። ደብቄ ነው የቆየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተነስተው የጋሼን እጅ ያዙ። ይቅርታ ተባባሉ። ሲወጡ ወንድምየው አልበሙን አቅፎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ፣ «ለምንድነው እንዲህ ያሉት?» አልኳቸው።

«ታፔላው ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«በቃ» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ወሬው ከዱራሜ ሀደሮ፣ ከሀደሮ ሆሳዕና ዞሮ መጣ። የጋሼ ዓይን ጠፋ ተባለ። ለሠርግ የሚዋዋል ሰው ሁሉ አሁን፣ «ልጅቷ ትምጣልን፣ ጋሼ ይረፉ» ይላል። ዱራሜ የተገኘውንም ክፍል ከፈትኩት፤ እዚያ የምታወቀው ጋሼ ያሠለጠኗት ተብዬ ነው። ከሳምንቱ ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እዚህ እሠራለሁ። የድሮዎቹ ፎቶዎች፣ የሚያምሩት፣ ጋሼ ዓይናቸው ሳይጠፋ ያነሷቸው ናቸው። ያ የደበዘዘውም ጋሼ ዓይናቸው ሲጠፋ ያነሱት ነው። አባትየው ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ አስፍቶ አሳትሞ ሳሎን ሰቅሎታል አሉ።

በቅርቡ ከሀደሮ አንድ ሰው ልጁን ሊድር ለመዋዋል መጣ። ጋሼ በር ላይ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሰውየው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች እያየ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎን እጅ የመሰለ የለም ነበር» አላቸው።

ጋሼ ተነሱ። ድምፁ ወደ መጣበት ፊታቸውን አዞሩለትና በመዳፋቸው ግድግዳውን በሙሉ አሳዩት።

«እኔ አይደለሁም። ይህን ሁሉ ያነሳችው እሷ ናት። ያኔም እሷ ነበረች። ለሰው ሁሉ ንገር።»

ሰውየው በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ አለና ጋሼ እንዳይሰሙ ድምፁን ቀንሶ፣ «ደግ ሰው ናቸው» አለኝ።

«ናቸው» አልኩት።