እትዬ ይብራራ

እውነተኛ ስማቸውን ከሠራተኞች መዝገብ ላይ በቀር የትም አላየሁትም። የጋዜጣችን አራሚ ናቸው፤ እኛ ግን ከዋና አዘጋጁ እስከ በር ጠባቂው ድረስ እትዬ ይብራራ ነው የምንላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ቀይ እርሳሳቸው ነው። ያልገባቸውን ቃል ይከቡትና ከዳር «ይብራራ» ብለው ይጽፋሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲከቡ ኖረዋል፤ ቅጽል ስማቸውንም ያውቁታል፤ አልፎ አልፎ የቢሮውን ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው «ይብራራ ነኝ» ይላሉ።

የእኔን ገጽ ያህል ግን የከበቡት የለም። እኔ የቴክኖሎጂ ገጽ ጸሐፊ ነኝ። ጽሑፌ ከእሳቸው ጠረጴዛ ሲመለስ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ይመስላል። ምህፃረ ቃል ካዩ አያልፉም፤ ሦስት ፊደል ተደርድሮ ካገኙ ወገቡን ይዘው «የማን ልጅ ነህ?» ማለታቸው አይቀርም። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ደሜ ቶሎ ይፈላል።

ይበልጥ ያንገበገበኝ አሠራራቸው ነው። ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚታረመውን ጽሑፍ ዘርግተው ስልክ ይደውላሉ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ስፖርቱ ድረስ ጮክ ብለው ያነባሉ። የሚያነቡት ለታላቅ እህታቸው ነው። እታለም ይሏቸዋል። እታለም የአውቶቡስ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የዓለም ወሬ የሚደርሳቸው በዚያች ስልክ ነው። ሰው የሚሰሙት በዚያች ስልክ ነው። እትዬም ቢሆኑ ባል የላቸው ልጅ የላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ዘጠኝ ሰዓትን ነው የሚጠብቁት። እታለም «ቆይ፣ እሱ ምንድን ነው?» ካሉ ያ ቃል ተከበበ ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁ ዕለት ሮጬ ዋና አዘጋጁ ዘንድ ገባሁ።

«ጽሑፌን የሚያርሙት ጋዜጣ አይተው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው እንዴ?» አልኩት።

ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። የእኔን ገጽ የሚያነበው ሰው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለሐኪም ልብ ምን እንደሆነ አይብራራለትም፤ ማብራሪያ ቦታ ይበላል፤ አንባቢን መናቅ ነው። የመጨረሻዋን ነገር ስናገር ራሴን ሳላደንቅ አልቀረሁም። ዋና አዘጋጁም አጭር ጽሑፍ ነፍሱ ነውና ፈረደልኝ። በቴክኖሎጂ ገጽ ላይ እትዬ የፊደል ግድፈት ብቻ እንዲያርሙ ተወሰነ።

«እሺ» አሉ እትዬ፣ እርሳሳቸውን አስቀምጠው። «አልከብም። ግን ልጄ፣ የምትጽፈው ለሚያውቀው ሰው ብቻ ከሆነ ምን ልትነግረው ነው?»

ሳቅሁ። ጽሑፌን ይዤ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት እንደ ንጉሥ ኖርኩ። ገጼ ጥርት ብሎ ይወጣል። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ወፍራም ወሬ አገኘሁና ጽሑፉን እንዲህ ብዬ ጀመርኩት፦ «የቱጂ ሰንሰት ከመጪው ወር ጀምሮ በደረጃ ይተገበራል፤ ነጻ የሚሆነው የጂ.ኤስ.ኤም ስፔክትረም ለኤል.ቲ.ኢ ይውላል።» በሰው ቋንቋ ሲነገር ነገሩ ቀላል ነው፤ አሮጌው የሞባይል ኔትወርክ ከተማ በከተማ ይዘጋል፣ ቦታውንም አዲሱና ፈጣኑ ይወስዳል፣ በእሱ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ ስልኮችም ጸጥ ይላሉ፣ ሰው ስልክ መቀየር አለበት። እኔ ግን በሰው ቋንቋ አልጻፍኩትም። ከታች ግርጌ ላይ መጀመሪያ የሚዘጋባቸውን ከተሞች ዘርዝሬያለሁ። የእታለም ከተማ ሁለተኛዋ ናት። የእታለም ስልክ ደግሞ ጣታቸው ቁልፎቿን ስለለመደ እምቢ ብለው ያልቀየሯት አሮጌ ስልክ ናት።

እትዬ ያን ጽሑፍ እንደ ልማዳቸው በስልክ አነበቡላቸው፤ እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ሦስት መስመር እንደሄዱ እታለም ሲናገሩ ከስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

«ይሄ እኛን አይመለከትም፤ እለፊው።»

እትዬ አለፉት። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! የማይመለከታቸውን ማወቃቸውን እንደ እድገት ነው የቆጠርኩላቸው።

መጪው ወር ገባ። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ፤ አይጠራም። ደገሙ፤ አይጠራም። ስልኩን በቀኝ ጆሯቸው፣ በግራ ጆሯቸው ሞከሩ፤ ስልክ ከጆሮ የሚጣላ ይመስል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲደውሉ ቆዩና ያልታረመውን ወረቀት አጣጥፈው ወጡ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መሄዳቸውን ሰማን። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሥራ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጋዜጣውም ይህን ሳያስታውቅ አልቀረም። ረቡዕ ዕለት በሙሽሮች ፎቶ ሥር «በዘመቻው ክትባት ያገኙ ከብቶች» የሚል ታትሞ ወጣ። የሙሽራው አባት በአካል መጣ።

ሰውየውን ካበረድን በኋላ ዋና አዘጋጁ ላቡን እየጠረገ «የእህትየዋ ስልክ ከሰኞ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል አሉ፤ ምን እንደነካው እንጃ» አለኝ።

ክው አልኩ። ምን እንደነካው በዚያ ሕንጻ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ጽፌው ነበር እኮ! ሰባት መቶ ቃል ጽፌ፣ የሚዘጋበትን ቀን ጨምሬ፣ የከተማዋን ስም ጨምሬ! ከጎኔ ተቀምጠው ሲያነቡት ሰምቼ ዝም አልኩ። በዚያው ወጥቼ ቁልፍ ያላት፣ በአዲሱ ኔትወርክ የምትሠራ ስልክ ገዛሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳ ላይ ማንም የማያየው መስታወት። እታለም ቀጥ ብለው ተቀምጠው የሞተችውን ስልክ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቁልፎቿን ይዳብሳሉ። ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም እህትማማቾቹ ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ኖሮ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ወሬ ሳያቋርጡ ድምፃቸው ሰልሏል። ስልኳን ሠፈር ያለው ጠጋኝ ባትሪዋ ነው ብሎ ባትሪ ቀይሮላታል። አልሠራ ስትል ሌላ ባትሪ ቀየረላት።

«ባትሪው አይደለም» አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ። «ኔትወርኩ ተዘግቶ ነው። እኔ ጽፌው ነበር።»

«የት?» አሉ እትዬ።

«ገጼ ላይ። እርስዎም አንብበውላቸዋል።»

እታለም በሳቅ ፈነዱ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እኔ እኮ ነኝ እለፊው ያልኳት! በራሴ ላይ የሚዘጋውን በር እለፊው አልኩ!»

አዲሷን ስልክ አውጥቼ ሲም ካርዱን ከአሮጌዋ አዛወርኩና እጃቸው ላይ አኖርኳት። ቁልፎቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብታ ሲያገኙ ፈገግ አሉ። ቁጥር ሲመቱ የእትዬ ቦርሳ ጮኸ። እትዬ ተነሥተው ስልካቸውን ፈልገው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ በመካከላቸው ሦስት እርምጃ የለም።

«ሃሎ፣ እታለም? እንደምን ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ? ሰው መጥቶብኛል፤ ያ ቁጡው ልጅ ነው።»

«እውነት? ምን ይመስላል?»

«ድምፁ ከሲታ ነው።»

እንዲህ አምስት ደቂቃ ያህል አወሩ፤ እኔም በመካከል ቆሜ ታማሁ። ስልኩን ሲዘጉ እታለም ወደ እኔ ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ ያን ጽሑፍ ራስህ አንብብልኝ። ዛሬ አላልፍም።»

አነበብኩ። ለካ ጽሑፍን ለአንድ ሰው ፊት ለፊት ማንበብ ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዷ ቃል አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነችብኝ። ኤል.ቲ.ኢ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ፊደሎቹ የምን የምን ናቸው?»

«ኤል... ረጅም ማለት ነው። ቲ ደግሞ...» ስድስት ዓመት ስጽፈው የኖርኩትን ቃል ጣሪያው ላይ ፈለግሁት። «ቲ... ቴሌ... አላውቀውም።»

እትዬ መስኮቱን እያዩ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እታለም ግን አልሳቁብኝም። ጎንበስ ብለው ያወጉኝ ጀመር። ወጣት ሳሉ የስልክ ማዞሪያ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኙት በእጃቸው፣ ገመድ እየሰኩ ነው። አንድ ጊዜ ማዞሪያውን የሚተካ መሣሪያ መጣ። አለቃቸው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ማስታወቂያው እንደ እኔ ጽሑፍ ነበር፤ ማንም አልገባውም። ስለዚህ ስድስቱ ሴቶች ተከፋፍለው ለደንበኛው ሁሉ ደወሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው።

«‹ከሰኞ ጀምሮ እኛን አይጠብቁ፤ ቁጥሩን ራስዎ ነው የሚያዞሩት› እያልን። ያልገባው ከሆነ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አንድ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ሦስቴ አስረድቼው ሲገባው ‹ታዲያ ከሰኞ በኋላ እናንተስ?› አለኝ። ‹እኛማ ሥራ የለንም› አልኩት። እሱ ብቻ ነው የጠየቀን።»

«ሥራዎን ለሚወስደው መሣሪያ?» አልኩ። «አልከፋዎትም?»

«ከፋኝ እንጂ! አልቅሼም ነበር። ግን ሰው ስልኩን አንሥቶ ዝም ሲልበት ምን ያድርግ? ሰኞ ዕለት አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ደወሉ፤ አንድ ሰው አልተቋረጠበትም። ከዚያ በኋላ ነው ወደየቤታችን የሄድነው።»

አፈርኩ። አንባቢን መናቅ ነው ብዬ የተከራከርኩበት ዕለት ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ። የእኛ ከተማ ተራዋ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ገና ሃያ ስድስት ቀን አለ። ወረቀቱን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አደረግሁና እስክሪብቶ አወጣሁ።

«እታለም፣ ከየት ልጀምር?»

«‹ስልክዎ አሮጌ ከሆነ ይህ ወሬ እርስዎን ይመለከታል› ብለህ ጀምር» አሉኝ፤ እንደዚያው ብዬ ጻፍኩ።