የማብላያው ሊቅና የተረሳው ቧንቧ

ዶክተር ጌዲዮን የኒውክሌር ማብላያ ሲቀልጥ ሠራተኞቹ ምን እንዳጠፉ ከሚያጠኑ የየአገሩ ምሁራን አንዱ ነው። አገራችን ማብላያ ቀርቶ መብራትም በወጉ የላትም፤ እሱ ግን ምን ገዶት! ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ማብላያቸው የቀለጠባቸውን ጃፓኖች ጥፋት ያበጥራል። ደረጃ ላይ ያገኘውን ሁሉ አቁሞ «ማሽን ምን ያድርግ፤ ሰው ነው እንጂ!» ይላል። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም፤ ሰው የመጀመሪያዋን ትንሽ ጥፋት ለምን ይደብቃል? ፓሪስ ላይ የሚያቀርበው ጥናትም ስለዚሁ ነው።

ሊሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ውሃ ከጠፋች ሰንብታ ነበር፤ ጠዋት ምናልባት መጥታ እንደሆን ብሎ ሊታጠብ ቧንቧውን ከፈተ። ጭጭ! እንደተከፈተ ትቶት ወጣ። ሚስቱ ፈለቀች ከሱ ቀድማ፣ ገና ሳይነጋ ወደምትሠራበት ፋብሪካ ሄዳለች። ውሃ ሆዬ ሰው የሌለበትን ቤት መቼ አጥታው! ከሰዓት ከተፍ አለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ከሥር የሚኖሩት ወይዘሮ ዳሲቱ እሑድ ልጃቸውን ሌንሳን ይድራሉ። አልጋ ላይ የተዘረጋው የሙሽራዋ የአገር ልብስ ከጣሪያው ውሃ ወርዶበት ጥለቱ ቀለም ለቀቀ። ማታ እያለቀሱ ወደ ላይ ወጡ፤ ጎረቤቱም ተከተላቸው።

«ማነው ቧንቧ ከፍቶ የሄደው?»

የሰርጉን ወጥ እንድትሠራ አደራ የተሰጣት ፈለቀች ነበረች፤ ሌንሳን እንደ ልጇ ነው የምትወዳት። ሊቃችን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፈለቀች ትሆናለች… አንዳንዴ ትረሳለች።»

ፈለቀች አየችው። ባሏን በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነላትም።

«እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺ? በይ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ!»

እሑድ ከታች እልልታው ቀለጠ። ጌዲዮን ለፓሪስ ሻንጣውን ሲዘጋ ፈለቀች እንባዋን ጠርጋ ጠየቀችው፤

«ሰው ጥፋቱን ለምን ይደብቃል የምትለው ነገር፣ መልሱን አገኘኸው?»

«እሱማ… ገና ነው፤ ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል» አለና ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወረደ።

ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ወይዘሮ ዳሲቱ ክንዱን ያዙት። «ግባ እንጂ ዶክተር፣ ሳትቀምስማ አትሄድም! አንተ ምን አጠፋህ?»

እሱም ገብቶ በላ። ፈለቀች በመስኮት ታየው ነበር።