የዋርካ መሻገሪያ ድንጋይ

ካዛንቺስ፣ ድንጋይ ቀራጭ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን መሮ አልነካሁም። እምነ በረድ በውኃ ሳጥብ ዋልኩ። ወደ ቤቴ ልሄድ ስል አለቃዬ ጋሽ በላቸው ጠሩኝና አንድ ነገር ብቻ አስተማሩኝ።

«የሟቹን ስም ድንጋዩ ላይ በእርሳስ ከጻፍክ በኋላ፣ ያሠራው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልህ። አንተ ጣትህን ፊደሉ ላይ እያስኬድክ ስማ። መሮ የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለምን ጋሼ?»

«እኔ አንድ ጊዜ የሟቹን ትቼ፣ ወረቀቱን ይዞ የመጣውን ወንድምየውን ስም ቀረጽኩ። ሟቹ ምንም አላለኝም። ወንድምየው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አያናግረኝም።»

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማንበቤም ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ይቺን ልማድ አጥብቄ ያዝኳት። አንድ የራሴንም ጨመርኩ፤ ከታች የአንድ መስመር ቦታ እተዋለሁ። ቤተሰብ ነው፤ ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል።

ከኡራኤል ዝቅ ብሎ የራሴን ቤት ከከፈትኩ ከብዙ ዓመት በኋላ የዋርካ መሻገሪያ ተወላጆች መጡ። ዋርካ መሻገሪያ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በጣሊያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ውጊያ ነበር። የወደቁትን የአሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስም ድንጋይ ላይ አስቀርጸው መንደራቸው ሊያቆሙ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር መምህር ታደሰ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዝርዝሩን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይዘው መጥተዋል።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት ከወሎ ሰፈር ብቻቸውን መጡ። እትዬ ዘይነባ ይባላሉ።

«ወንድሜ፣ ይማም የሚል አለበት?»

ወረቀቱን ቀስ ብዬ አየሁት። «የለም እትዬ።»

«አባቴ ነው። በታንኳ ሰው አሻጋሪ ነበር። ጣሊያኖቹ ጠመንጃ ደግነውበት ወደ ማዶ አሻገራቸው። ለዚህ ነው የማይጽፉት። እሱንም ያን ቀን ወንዙ ላይ መቱት፣ ውኃው ወሰደው። እኔ ገና ሆድ ውስጥ ነበርኩ። መቃብር እንኳ የለውም።»

መምህርን ጠየቅኳቸው። «በኮሚቴ ተነጋግረንበታል» አሉኝ። «ጠላት ያሻገረ ሰው ከወደቁት ጋር አይጻፍም። አንተ የተሰጠህን ቅረጽ።»

እውነታቸውን ነው፤ ሥራዬ የተሰጠኝን መቅረጽ ነው።

ስሞቹን በእርሳስ ጽፌ ስጨርስ መምህርን ለንባብ ጠራኋቸው። ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ይመጣል፤ ያን ቀን ግን ዘመድ ሁሉ መጥቶ ግቢዬ ሞላ። እትዬ ዘይነባም በሩ አጠገብ ተቀመጡ። መምህር ያነባሉ፣ እኔ ጣቴን አስኬዳለሁ።

«እንድሪስ አሊ።»

«አያቴ!» አለ አንድ ጎልማሳ። «ቆስሎ ይማም በታንኳ አምጥቶት፣ እናቱ እጅ ላይ ነው ያረፈው።»

«ገብሬ ወልዴ።»

«እሱንም ያመጣው ይማም ነው» አሉ አንዲት ሴትዮ። «እሱ ባይኖር ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር።»

አንዱ ከኋላ «ሰውዬው ያን ቀን እረፍትም አልነበረውማ!» ሲል ሰው ሳቀ። እትዬ ዘይነባ አልሳቁም፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ተሰማ ካሳ» አሉ መምህር። የአባታቸው ታላቅ ወንድም ነው። ቀጣዩን ስም ሳያነቡ ቆሙ።

«እሳቸውንስ ማን አመጣቸው መምህር?» አልኩ።

«ይማም ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን አድርሶ ሌላ ሊያመጣ ሲመለስ ነው የመቱት። አያቴ ስታወራ ሰምቻለሁ። ረስቼው ነበር አልልም።»

ጣቴን ከታች ባዶው መስመር ላይ አሳረፍኩ።

«ይሄ ሰው ሦስት ጊዜ ተጠራ። እዚህ ቦታ አለ።»

መምህር የኮሚቴውን ሰዎች አዩ። ማንም አልተቃወመም። እርሳሱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጻፉት፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው አነበቡት። «ይማም ሰይድ፣ አሻጋሪ።»

ቀርጬ፣ ጥቁር ቀለም ሞልቼ ስጨርስ እትዬ ዘይነባ ሊያዩት መጡ። ማንበብ አይችሉም።

«የቱ ነው የሱ?»

ጣታቸውን ይዤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አስኬድኩት።

«ጠለቅ አድርገኸዋል» አሉ። «ዝናብ አያጠፋውም?»

«አያጠፋውም እትዬ።»

አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ትቻለሁ። ያ የጋሽ በላቸው ቤትም ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ዛሬ ስም በስልክ ይላካል፣ ማሽንም ይቀርጻል። ቢሆንም እናንተ ቀራጮች፣ ሰዎቹን ጠርታችሁ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አድርጉ። ከታችም አንድ መስመር ተዉ።